ከቀትር በኋላ የማይወለድበት ጤና ጣቢያ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ካርቶኑን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ። ሸላሚዎቹ ግራ ገባቸው፤ አንዷ ባልደረባዬማ «ምነው እትዬ ዘይነባ፣ አልወደዱትም እንዴ?» አለችኝ። ወድጄዋለሁ። ክፈፉ ወርቃማ ነው፣ ድምፁም አይረብሽም። ያሳቀኝ ለእኔ ሰዓት መሸለም ለወፍጮ ቤት ባለቤት ዱቄት እንደ መሸለም ስለ ሆነብኝ ነው። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ከሰዓትና ከቀን ጋር ስታገል ነውና።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። አብረውኝ የሠሩትን ሰዎች እስከ ዛሬ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ሽንኩርት ሲመርጡ አገኛቸዋለሁ፤ ሰላምታችን እንዲቀር አልፈልግም። በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ የሚሠራ፣ በአካባቢው ላሉ ጤና ጣቢያዎች አምቡላንስና ባለሙያ የሚያግዝ ድርጅት ነበር ብል ይበቃል። የእኔ ሥራ ከጤና ጣቢያዎቹ የሚመጣውን ቁጥር ሰብስቤ ግራፍ ማድረግ ነበር። ስንት እናት ወለደች፣ መቼ ወለደች፣ የት ወለደች የሚለውን አለቆች በአንድ ዐይን እንዲያዩት አደርጋለሁ። እናቴ ሥራዬን ለጎረቤት ስታስረዳ «ልጄ ለመንግሥት መስመር ትሠራለች» ትል ነበር፤ መንገድ የምቀይስ የመሰላቸው ብዙ ናቸው።

የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ማግስት ወግዲ ላይ ነው። ያኔ ኮምፒውተርን በስም እንጂ በዐይን አላውቀውም። ግራፉን የምሠራው በካሬ ወረቀት ላይ፣ በማስመሪያና በሁለት ቀለም እስክሪብቶ ነበር። አለቃ መጥቶ «የክረምቱን ብቻ አሳዪኝ» ካለ የበጋውን በካርቶን ቁራጭ ሸፍኜ አሳየዋለሁ። የጊዜ ማጣሪያ የሚባለው ነገር ለእኔ ያን ጊዜ ያ ካርቶን ነበር። ካርቶን ደግሞ ደግ ነው፤ ግራፉ ላይ ተኝቶ ከተረሳ የገባ የወጣው ሁሉ ያየዋል። ኋላ ሶፍትዌር ሲመጣ የናፈቀኝ ይኸው ነው።

ከወግዲ ወደ አቀስታ ተዛወርኩ። አቀስታ ብርዱ ቀለም ያረጋል፤ ጧት ጧት እስክሪብቶዬን በመዳፌ አሽቼ ሳላሞቅ መስመር አይወጣልኝም ነበር። ደመወዙ ከወር ወር ያደርሰኝ ነበር፣ ሳይደርስ ሲቀርም ጎረቤት ነበረኝ፤ ስለ ገንዘብ ሌላ የምለው የለኝም። አቀስታን የማልረሳው ጋሽ ላቀውን ስላገኘሁበት ነው።

ጋሽ ላቀው የእቅድና የመረጃ ክፍል ኃላፊዬ ነበሩ። አባታቸው መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸውም በልጅነታቸው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው ነው ኋላ ወደ አስኳላው የዞሩት። የጾምና የበዓል መዋያ የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብ ከአባታቸው ተምረዋል፤ የእኛን ቀን ከፈረንጁ ቀን ሲያመሳክሩ በጣታቸው አንጓ ብቻ ነው። ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። እኔ ደግሞ እንደምታዩት የተገላቢጦሽ ነኝ፤ ስለዚህ ተስማማን።

ሁለት ልማድ ነበራቸው። አንደኛው፣ ማንኛውንም ግራፍ ከማየታቸው በፊት የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ከመቼ እስከ መቼ?» ጨመረ ቀነሰ፣ በዛ አነሰ የሚለው ወሬ ኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ከሌላ ቢሮ ግራፍ ተሠርቶ ሲመጣ ወዲያው አይገልጡትም። እርሳስ ሰጥተውኝ «መጀመሪያ የምትጠብቂውን ሣይ» ይሉኛል። የምጠብቀውን በወረቀት ጫፍ ላይ እሞነጫጭራለሁ፣ ከዚያ ዋናውን እንከፍታለን። ከተለያዩ ወይ እኔ አገሩን አላውቅም፣ ወይ ግራፉ ታሟል። መጀመሪያ ላይ ሰውየው በእኔ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን እኔም እርሳስ ሳልይዝ ግራፍ መክፈት የማልችል ሆንኩ።

ኮምፒውተርና የግራፍ ሶፍትዌር የመጣልን ሁለታችንም ወደ መካነ ሰላም ከተዛወርን በኋላ ነው። ከግራፉ ሥር አንድ መስመር አለ፤ በመስመሩ ሁለት ጫፍ ሁለት ቁልፎች አሉ። የግራው መጀመሪያውን፣ የቀኙ መጨረሻውን ያንቀሳቅሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ይታያል፣ ከዚያ ውጭ ያለው ይሰወራል። ፈረንጆቹ ያወጡለትን ስም ትተው ጋሽ ላቀው ወንፊት አሉት፤ እኛም ወንፊት ብለን ቀረን።

ወንፊቱ ብዙ ጉድ አሳይቶናል። አንዱ ቢሮ መጥቶ «የዘንድሮው መረጃችን ጠፋ» ብሎ ይጮሃል። ሄጄ ሳየው ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፎታል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የፈረንጅ መስሎት ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ሄዶ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሟል። ሌላዋ ደግሞ በየወሩ የመጨረሻዋ ቀን ትጎድልባታለች። እስከ ሠላሳ ብላ ስትመርጥ ማሽኑ ሠላሳ ሲጀምር ያቆማል እንጂ ሠላሳ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ጋሽ ላቀው ይህን «የድንበር ጉዳይ» ይሉታል፤ እርሻ ለሚካፈሉ ወንድማማቾች ድንጋዩ የተተከለበት መሬት የማን ነው እንደ ማለት። ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰው ወንፊቱን አጥብቦ አይቶ ሳይመልሰው መሄዱ ነው። ከእሱ በኋላ የመጣው ሰው ግማሹን እያየ ሙሉውን ያየ ይመስለዋል። ካርቶኔ ይህን አያደርግም ነበር።

ስለዚህ የምንሠራበት ሥርዓት ነበረን። ቁጥር ጎደለ ሲባል መጀመሪያ ወንፊቱን ሙሉ በሙሉ እናነሳለን። ያለንን ሁሉ እናያለን፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው መዝገብ የትኛው እንደሆነ እንለያለን። ከዚያ ከአንድ ወገን ብቻ ቀስ እያልን እናጠባለን፤ ቁጥሩ የሚጠፋበት ቦታ ላይ ስንደርስ እንቆማለን። «ዘይነባ፣ ነገር ሲጠፋ ሰው ሌባ ይፈልጋል፤ አንቺ ወንፊቱን አንሺ» ይሉኝ ነበር። በዚህ ሥርዓት የማንፈታው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ አፋፉ እስኪመጣ ድረስ።

አፋፉ የምንለው ወደ ዓባይ ሸለቆ ማሽቆልቆያ ላይ ያለ ጤና ጣቢያ ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ሌላ ነው። ከበታቹ ያሉ የቆላ መንደሮች እናቶች ዳገቱን ወጥተው የሚወልዱት እዚያ ነው። አዋላጇ ሲስተር ሰዓዳ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማያልቅባት የዚሁ የእኛው ቦረና ልጅ። ካሉን ጥቂት አምቡላንሶች አንዱ ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት አፋፉ በር ላይ ይቆም ነበር። ሕፃን ወይም እናት ከሲስተር ሰዓዳ አቅም በላይ ከሆነ ተይዞ ወደ መካነ ሰላም ይመጣል።

አንድ ዓመት ከጋሽ ላቀው በላይ የሆነ አዲስ ኃላፊ መጣልን፤ አቶ ፍቃዱ፣ የደሴ ልጅ። ክፉ ሰው አልነበረም። ችኩል ነበር፣ ግራፍም ይወድ ነበር፤ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ችግር። አንድ ቀን የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን ሁሉ ስብሰባ ጠርቶ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ግራፍ ከፈተ። ጥያቄው ማታ ማታ አምቡላንስ የሚያስፈልገው የት ነው የሚል ነው። ቀኑን በአንድ ወንፊት ያለፈው ዓመት ላይ፣ ሰዓቱን በሌላ ወንፊት ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ላይ አድርጎታል። የከተማው ጤና ጣቢያ ዓምድ ረጅም ሆኖ ቆሟል። አፋፉ ግን ባዶ ነው። በዓመት ሙሉ በምሽት አንዲት እናት አልወለደችም ይላል።

«ይኸው፣ ስዕሉ ራሱ ይናገራል» አለ አቶ ፍቃዱ። «ነዳጅ እያቃጠልን አምቡላንሱን ባዶ በር ላይ ነው የምናቆመው። ወደ ከተማ ይምጣ።»

ሲስተር ሰዓዳ ከኋላ ተነሣች። «ታዲያ እኔ ማታ ማታ የማዋልደው ማንን ነው?» አለች።

ሰው ሳቀ። እሷ ግን ለማሳቅ አልነበረም የተናገረችው። ግራፉ ምሽት ላይ ሥራ ገበታዋ ላይ አትገኝም ማለቱ እንደሆነ ገብቷት ፊቷ ጠቁሯል። አቶ ፍቃዱ ይህን የሚለው ራሱ ሳይሆን ቁጥሩ መሆኑን በትሕትና ነገራት።

ጋሽ ላቀው ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከመቼ እስከ መቼ ብለው ጠየቁ። ዓመቱን አየን፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በትክክል ገብቷል። የድንበሩን ቀን አየን፤ አልጎደለም። ያለፈ ሰው ትቶት የሄደው ወንፊት መኖር አለመኖሩን አየን፤ የለም። ቀኑን ሙሉ በሙሉ ከፈትነው፤ የዓመታት መረጃ ቢመጣም የአፋፉ ምሽት ያው ባዶ ነው። የምናውቀው ሁሉ አለቀ። ጋሽ ላቀው ቀና ብለው «ይህ ግራፍ ታሟል፤ የት ጋ እንዳመመው ግን አላወቅሁም» አሉ። አቶ ፍቃዱም ሲያውቁ እንዲነግሩት ለመናቸውና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ። በሳምንቱ አምቡላንሱ ከአፋፉ ተነሣ።

ክረምቱ ገባ። ከአፋፉ በታች ካለ መንደር ጦይባ የምትባል ወጣት ምጥ ይዟት ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ተሸክመዋት ዳገቱን ወጡ። ሲስተር ሰዓዳ በሰላም አዋለደቻት፤ ሕፃኑ ግን ትንፋሽ አጠረው። ሆስፒታል መድረስ ነበረበት። አምቡላንሱ ከከተማ ተጠራ፣ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ አድርጎት መኪናው ተያዘ፣ ሲደርስ ነግቷል። ሲስተር ሰዓዳ እስከዚያ በእጇ አየር እየሰጠችው ቆይታ ነበር። ሕፃኑ የንጋቱ የሱብሂ አዛን ሲል አረፈ።

በገበያው ቀን ሲስተር ሰዓዳ ቢሮዬ መጣች። ጭቃ የጠገበ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያቺ የማውቃት ቀልደኛ አይደለችም።

«እትዬ ዘይነባ፣ ማንንም ልከስ አይደለም የመጣሁ» አለችኝ። «ወላሂ የሰው ስም አላነሳም። ያ ስዕል የቱ ላይ እንደ ዋሸ ብቻ ይፈልጉልኝ። አምቡላንሱ ካልተመለሰ ነገም ሌላዋ ናት።»

እፈልጋለሁ አልኳት። ከሄደች በኋላ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሥራዬ ሰው ዘንድ የሚደርስ አይመስለኝም ነበር፤ አለቃ ጋ ደርሶ የሚቀር ወረቀት ነበር የሚመስለኝ። የደረሰ ዕለት እንዲህ ሆኖ ደረሰ።

ፈለግኩ። ሳምንታት ፈለግኩ። ጋሽ ላቀውም ፈለጉ። ምንም አላገኘንም።

ያኔ ልጄ ሐያት ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን በመልእክት «እማ፣ ዛሬ ማታ ዘጠኝ ላይ እደውላለሁ» አለችኝ። ማታ ዘጠኝ ለእኔ ዶሮ ሊጮህ ሲል ነው። እመቤቶቿ ሲተኙላት መሆኑ ነው ብዬ አዘንኩላትና ሌሊት ለመነሣት ተሰናድቼ፣ እራት በልተን ሳሕን ሳጥብ ስልኩ ጮኸ። እጄን እንኳ ሳልጠርግ አነሣሁት።

«ዘጠኝ ብለሽኝ አልነበር? ገና ሦስት ሰዓት እኮ ነው» አልኳት።

«አፉ በይኝ እማ፣ የእኛን አቆጣጠር ረሳሁት። እዚህ ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ነው የሚለው።»

ስቀን ሌላ ሌላውን አወራን። ጅዳና መካነ ሰላም ፀሐይ የምትወጣላቸው የምትጠልቅላቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ላይ ነው፤ የሚለያዩት ቆጠራው ላይ ነው። እኛ ሲነጋ አንድ ብለን እንጀምራለን፣ ሲመሽም እንደገና አንድ ብለን እንጀምራለን። ሌላው ዓለም ከእኩለ ሌሊት ይነሣል፤ ማሽኑም የሌላው ዓለም ነው። ይህን ለሰው የማስተምረው እኔው ነኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ሳሕኖቼ ስመለስ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እኔና ጋሽ ላቀው ስንፈልግ የከረምነው ቀኑን ነው። የቀኑን ወንፊት ስናነሣ ስናወርድ የሰዓቱን ወንፊት አንድም ቀን አልነካነውም። ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት እንደ ተጠበበ ነው የከረመው።

ጧት ቢሮ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የአፋፉን ግራፍ አውጥቼ የሰዓቱን ሁለት ቁልፎች እስከ ጫፍ ገፋኋቸው። ጋሽ ላቀው ሲገቡ ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። ሰዓታቸውን ፈቱ፤ አዩ። ግራፉ ላይ ምሽቱ ብቻ አይደለም ባዶ የሆነው፤ ከቀትር በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። እናቶቹ በሙሉ ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር ባለው ውስጥ ተጠቅጥቀዋል።

«አፋፉ ላይ ከቀትር በኋላ መውለድ ክልክል ነው እንዴ?» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ስድስቱን ሰዓት አልጨመሩም።»

በዚያው ቀን በአንድ አይሱዙ ጋቢና ተጠጋግተን አፋፉ ወረድን። ነገሩ እንዳሰብነው ነው። የሌሎቹ ጤና ጣቢያዎች መረጃ ጸሐፊዎች የእኛን ሰዓት ወደ ማሽኑ ሰዓት እየለወጡ እንዲያስገቡ አሠልጥነናቸዋል። የአፋፉ ጸሐፊ ግን ከሥልጠናው በኋላ የተቀጠረ ነው፤ የነገረው የለም። ሲስተር ሰዓዳ እጇን እየታጠበች «ሦስት ሰዓት» ብላ ትጠራለች፣ እሱ ሦስት ብሎ ይጽፋል። ማሽኑም ሦስት ከተባለ ሌሊት፣ ዶሮ ሊጮህ ሲል ነው ብሎ ያስቀምጠዋል። የእኛ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ስለማያልፍ ማሽኑ ከቀትር በኋላ የሚያስቀምጠው ሰው አላገኘም። ጸሐፊው ደነገጠ። ጋሽ ላቀው ትከሻውን ይዘው «አብሽር፣ ያልነገርንህ እኛ ነን» አሉት።

በሽታው ታወቀ፤ መድኃኒቱ ግን ቀላል አልነበረም። ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት የሚል ቁጥር አለ። የጧት ሦስት ነው የማታ? ማሽኑ አያውቅም፣ በእጅ የተጻፈውም ቁጥር ብቻ ነው። ሲስተር ሰዓዳ የቅርቦቹን ብታስታውስም የብዙዎቹ ይምታታባታል። አቶ ፍቃዱ ፊት ደግሞ «ይመስለናል» ይዘን ብንቀርብ የሚሰማን የለም። ባዶ እጃችንን የምንመለስ መሰለኝ።

«መቼ እንደ ወለደች የማትረሳ ማን ናት?» አሉ ጋሽ ላቀው።

ክትባት የሚሰጥበትን ቀን ጠብቀን ተመልሰን ወረድን። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ደጃፉ ላይ ተሰለፉ፣ እኔና ጋሽ ላቀው ከዋርካው ሥር ጠረጴዛ አወጣን። ስንት ሰዓት ወለድሽ ብለን አልጠየቅንም። ይህ ልጅ ሲወለድ ምን ይሰማ ነበር፣ ሰው ምን ያደርግ ነበር አልናቸው። አንዷም አላመነታችም። አንዷ ከቀትር በኋላ የአስር ሰላት ሲሰገድ አለች። አንዷ ከብት ሲገባ፣ ሌላዋ ኢሻ ተሰግዶ መንደሩ ጭር ሲል። እኔ አዛኑን ወደ ሰዓት እለውጣለሁ፤ የአዛኑ ሥራ የእኔ ነው። አንዲት እናት ደግሞ ቅዳሴ ሲወጣ ነው አለች፤ እኔ ጧት ብዬ ልጽፍ ስል ጋሽ ላቀው እጄን ያዙኝ።

«ጾም ነበር ወይስ ፍስክ?» ብለው ጠየቋት።

«ፍልሰታ ነበረ እንጂ ጋሼ።»

«እንዲያ ከሆነ ቅዳሴው የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ግድም በይው» አሉኝ። በፍስክ ቢሆን ግን ጧት ነበር። እኔ አዛኑን፣ እሳቸው ቅዳሴውን እየተካፈልን ስንጽፍ ዋልን። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ሥራዬን የወደድኩበት ጊዜ የለም። እናቶቹም ተዝናኑ፤ ሁሉም የራሷን ምጥ ስታወራ ሌላዋ ትጨምርላታለች፣ ሲስተር ሰዓዳም መርፌውን እየወጋች ከውስጥ ሆና ታርማለች።

ሰልፉ ሊያልቅ ሲል አንዲት ነጠላ ያጣፋች ወጣት ከጠረጴዛው ፊት ቆመች። ልጅ አልታቀፈችም። ማን እንደሆነች ያወቅኩት ሲስተር ሰዓዳ ከውስጥ ወጥታ አጠገቧ ስትቆም ነው።

«የእኔንም ይጻፉት» አለች ጦይባ። «ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ ደረስኩ። ኢሻ ሲሰገድ ወለድኩ።»

ጋሽ ላቀው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወንበራቸውን ሰጧት። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ጽፌ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችና አይታው ሄደች።

አዲሱን ግራፍ ይዘን አቶ ፍቃዱ ጋ ስንገባ ሲስተር ሰዓዳንም ጠርተናት ነበር። ጋሽ ላቀው እርሳስ ሰጡትና የአፋፉን ምሽት እንዴት እንደሚጠብቅ እንዲሥል ጠየቁት። ከመሬት ከፍ ብሎ የማይታይ ትንሽ ዓምድ ሣለ። ከዚያ እኔ ግራፉን ገለጥኩት። የአፋፉ ምሽት ከከተማው ዓምድ እኩል ቆሟል፤ የቆላ እናቶች ቀን ሲያመነቱ ውለው የሚደርሱት ሲመሽ ነውና። ለአቶ ፍቃዱ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ሁለቱ ወንፊት፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጦይባም።

«አምቡላንሱ ዛሬውኑ ይመለስ» አለ። ወደ ሲስተር ሰዓዳም ዞረ። «ሲስተር፣ አፉ በይን።»

«አፉ ብያለሁ» አለች። «ብቻ ነዳጁን ሙሉልን።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ጤና ጣቢያዎች በሚሞሉት ቅጽ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ አንድ ጥያቄ ተጨመረ። ቃሉን የመረጡት ጋሽ ላቀው ናቸው፤ «ፀሐይ ነበረች?» የሚል ነው። መጀመሪያ የሳቁበት ነበሩ፣ ኋላ ለመዱት። ጋሽ ላቀው ከእኔ ቀድመው ጡረታ ወጥተው አቀስታ ገቡ፤ አሁንም ስደውልላቸው ስለ ጤናዬ ከመጠየቃቸው በፊት ከመቼ ጀምሮ እንዳልደወልኩ ይቆጥሩልኛል። እኔም ሥራውን ለወጣቶቹ አስረክቤ፣ ሰዓቴን ተሸልሜ ወጣሁ። ሐያት ከጅዳ ተመልሳ ከተማው ላይ ሱቅ ከፍታለች። ምን ጎደለኝ ቢሉኝ ቶሎ የምመልሰው የለኝም።

የተሸለምኩትን ሰዓት ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለችልኝ ሐያት ናት። ወንበር ላይ ቆማ የማንን አቆጣጠር ላድርገው አለችኝ፤ የእኛን አልኳት። ቤቴ ከአፋፉ ወደ ከተማ በሚመጣው መንገድ ዳር ነው። ባለፈው የእራት ሳሕኔን ሳጥብ አምቡላንሱ እየጮኸ ከአፋፉ በኩል መጥቶ በደጄ አለፈ። እጄን ሳልጠርግ ወጥቼ መብራቱ ወደ ሆስፒታሉ እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት። ስመለስ ቀና ብዬ ሰዓቱን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ይላል።

«የማታ» አልኩ ጮክ ብዬ፣ የሚጽፍ ሰው ባይኖርም።